ንጉሡ የሞተ ጊዜ የቀበርኩት ሩዝ

እኔ አንድ ቤት ረግቼ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ጥቂት ቀን ከጅጋ ወጣ ብሎ ገጠር ወንድ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፤ እዚያ የከብቱም የልጁም ጩኸት ሲሰለቸኝ ቡሬ እህቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ መሀል ላይ ፍኖተ ሰላም ሴቷ ልጄ ቤት ማረፌ አይቀርም። ልጆቼ «እናታችን ዟሪ ናት» ይሉኛል። ይበሉኝ። ዘንድሮ ግን መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። በዚህ ክረምት የተዘጋው እኔ ፍኖተ ሰላም ሳለሁ ነውና፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዝናቡን ሳይ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ የበቆሎ እሸት ቀቅላ በሰፌድ አቀረበችልን። ትኩስ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየርኩ፣ እፍ እያልኩ እበላለሁ። የልጅ ልጄ ሜላት አጠገቤ ስልኳን ትነካካለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ፈተናው አልሆነላትም፤ ከዚያ ወዲህ ውሎዋ ከስልኳ ጋር ነው። ድንገት ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነችው።

«እምዬ፣ እስቲ ይኼን ይዩ! እርስዎ የሠሩበት አገር እኮ ነው።»

ዓይኔን አጥብቤ አየሁ። ነጭ የለበሰ ሰው በብዙ ሕዝብ መሀል ይራመዳል። ከዚያ ሴቶች መጡ፤ መሪ ጨብጠው መኪና የሚነዱ፣ ፀጉራቸው ከሻሻቸው ያፈተለከ፣ የሚስቁ።

«አልጋ ወራሹ ነው» አለች ሜላት። «ሁሉን ነገር ለወጠው። ሴት መኪና ትነዳለች፣ ሲኒማ ቤት ተከፍቷል፣ ዘፈን በአደባባይ ነው። ሽማግሌው ንጉሥ ሲሞት ደግሞ ጭራሽ…»

«ተይ!» አልኳት። በቆሎው ከእጄ ወደቀ።

«ምነው እምዬ? ምን አልኩ?»

«ንጉሥ ይሞታል አይባልም።»

ሳቀችብኝ። «የሰው አገር ንጉሥ ለእኛ ምናችን ነው?» አለች። እናቷም ከውስጥ ሆና ሳቀች። እኔ ግን ብብቴ ሥር ላብ ሲወርድ ተሰማኝ፤ በዚያ ብርድ። የዚያን አገር ንጉሥ ሞት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ለሜላት ያን ዕለት የነገርኳትን ነው እዚህ የማወራው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ባሌ ታሞ ከሞተ በኋላ መሬቱን ወንድሞቹ ያዙት። እኔ ሁለቱን ልጆቼን ለእናቴ ትቼ ቡሬ ገባሁ። ቡሬ ሴቶችን ወደ አረብ አገር የሚልክ አንድ ደላላ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ክርስቲያን ነኝ ብትዪ የሚወስድሽ ቤት አይገኝም፤ ስምሽ ዘይነብ ይሁን» አለኝ። ትርንጎ መሆኔ ቀረና ፓስፖርቱ ላይ ዘይነብ ሆንኩ። በዚያ ጊዜ ብዙዎቻችን እንዲያ ሆነን ነው የሄድነው፤ ብቻዬን አልነበርኩም።

የእናቴ ወዳጅ የነበሩ እትዬ ሉባባ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚነግዱ፣ ሙስሊም። ነገሩን ስነግራቸው ደላላውን ረገሙት። «በእኛ ስም በውሸት መሄድሽ ደስ አላለኝም፣ ልጄ» አሉኝ፤ ግን አላባረሩኝም። ጆንያዎቻቸው መሀል አስቀምጠው አስተማሩኝ፤ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ ሰው ሲገባ ምን እንደሚባል፣ ምግብ ሲቀርብ የማን ስም እንደሚጠራ። በርበሬው አስነጠሰኝ። «ለእሱም የሚባል አለ» ብለው ሳቁና ያንንም አስተማሩኝ። ማተቤን ከአንገቴ ያወጣሁት እሳቸው ቤት ነው። ጥቁር ክር ነው፣ እናቴ በየቦታው የቋጠረችው። እንዳይጠፋብኝ ብለው ራሳቸው የቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፉልኝ። «ሃይማኖትሽን ከልብሽ ማውጣት የእኔ ሥራ አይደለም» አሉ፣ የስፌቱን ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ። እትዬ ሉባባን ነፍስ ይማር፤ ዛሬ ልጃቸው እዚያው ቦታ ላይ ይነግዳል።

የገባሁበት ቤት ትልቅ ነበር፤ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ፣ ውጭው እሳት። ጌታውን ባባ ነው የምንለው፤ ሚስቱን ማዳም። ባባ ከንጉሡ ልጆች የአንዱ ግቢ ኃላፊ ነበር። ስልኩ አርፎ አያውቅም፤ ሲበላ ይጮኻል፣ ሲጸልይ ይጮኻል፣ ሰላምታ የሚሰጠው ብዙ፣ ጉዳይ አስፈጽምልኝ የሚለው ብዙ። ኑራ የምትባል ለዐቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ነበረችው፤ ዓረብኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የእኔ ዋና ሥራ ግን የባባን እናት መጠበቅ ነበር። ማማ ክቢራ ነው የምንላቸው፣ ትልቋ እናት ማለት ነው። እግራቸው ከድቷቸው በጎማ ወንበር ነው የሚሄዱት፤ ዓይናቸውም ደመና ለብሷል።

ከማማ ክቢራ ጋር የተግባባነው በንቅሳት ነው ብል ይቀላል። የገባሁ ሰሞን ፊታቸውን ሳጥብ አገጫቸው ላይ አረንጓዴ ነቁጥ አየሁ። እሳቸውም እጃቸውን ሰደው አንገቴን ዳሰሱ፤ የእኔን ንቅሳት ሲያገኙ እንደ ልጅ ሳቁ። ልጅነታቸው በረሃ ድንኳን ውስጥ ነው ያለፈው፤ ግመል ሲነዱ አድገዋል። ማዳም ንቅሳታቸውን አትወደውም፤ እንግዳ ሲመጣ «ይሸፍኑት፣ ሐራም ነው ይላሉ» ትላቸዋለች። «እኔ ልጅ ሳለሁ ጌጥ ነበር» ይላሉ እሳቸው። «ማን እንዳመጣው እንጃ፣ ሐራም የሆነው እኔ ካረጀሁ በኋላ ነው።»

ኑራ ደግሞ በሌላ በኩል ታስቃቸዋለች። «አያቴ፣ አንድ ቀን መኪና እነዳለሁ፤ እርስዎንና ዘይነብን ከኋላ አስቀምጬ ባሕር ዳርቻ እወስዳችኋለሁ።»

«ግመል ስነዳ ማን ከልክሎኝ ያውቃል?» ይሏታል። «እናንተ ናችሁ ከወንበር ላይ ሆናችሁ ለመንዳት ፈቃድ የምትጠብቁ።»

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ጨዋታ ነበር። አልተመታሁም፣ አልተራብኩም። ፍርሃቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ስሜ። «ዘይነብ!» ሲሉኝ አንዳንዴ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ እዘገይ ነበር። ስጸልይ በልቤ ነው፤ እንቅልፍ ላይ «ማርያም» እንዳልል አፌን በሻሽ አስሬ ነበር የምተኛው።

ንጉሡ የሞተው እኛ አገር ጭቃ በሚበረታበት ወር ነው። ጠዋት ለማማ ክቢራ ቴምርና ወተት ይዤ ስገባ ቴሌቪዥኑ ቁርዓን ብቻ ይቀራል። ማስታወቂያ የለ፣ ድራማ የለ። ባባ ማንንም ሳያናግር በችኮላ ወጥቶ ሄደ። ማዳም ኮሪደሩ ላይ በስልክ ታንሾካሹካለች። ኑራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ንጉሡ ሞተ» አለችኝ።

ትሪውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ግድግዳውን ያዝኩ። ኑራ ለንጉሡ ያዘንኩ መስሏት ትከሻዬን ደገፈችኝ።

ምን ታውቃለች! እኔ ከጅጋ ገጠር የወጣሁ ነኝ። እኛ ዘንድ መንግሥት ወረደ ሲባል ምን እንደሚመጣና ምን እንደሚደረግ ልጅም ያውቃል። ገና ሳላገባ የወታደሩ መንግሥት የወደቀ ጊዜ፣ ጫማቸው ያለቀ ወታደሮች በአስፋልቱ ከወዲህም ከወዲያም ሲፈሱ አይቻለሁ፤ ጠመንጃውን በእንጀራ ልለውጥ የሚል ነበር። አባቴ ወሬውን እንደሰማ ዶማውን አንሥቶ ከበረት ጎን ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውስጡን ገለባ አለበሰና በቆሎውንና ጤፉን ቀበረ። እናቴ የብር መስቀሏን በጨርቅ ጠቅልላ እህሉ ላይ ጣለችው። አፈሩን መልሰው፣ እበት ደልድለው፣ ላሟን እዚያ ላይ አሰሯት፤ ረግጣ ረግጣ መሬቱን እንደ ድሮው አደረገችው። በማግስቱ የማናውቃቸው ታጣቂዎች መጥተው ቤቱን ፈተሹ፤ ጎተራው ውስጥ የተውነውን ጥቂት እህል ወሰዱ። ክረምቱን ያሳለፍነው ከዚያ ጉድጓድ እያወጣን ነው። አባቴ በዚያን ጊዜ የነገረንን አልረሳውም፤ መጀመሪያ እህልሽን፣ ከዚያ ራስሽን ደብቂ፣ ማን ገዢ እንደሆነ ኋላ ትጠይቂያለሽ ብሎናል።

እንግዲህ ያ ሁሉ መጣብኝ። መስኮት ላይ ሆኜ ተኩስ እጠብቃለሁ። ጭስ እጠብቃለሁ። ምንም የለም። መኪናው ይሄዳል፣ መስጊዱ ይጣራል፣ ሱቁ ተከፍቷል። በቴሌቪዥን ቀብሩን አሳዩ፤ ያንን የሚያህል ንጉሥ በሳንቃ ላይ ተኝቶ፣ በራሱ ካባ ተሸፍኖ። ነጋሪት የለ፣ ሙሾ የለ፣ ደረት የሚመታ የለ። እንደ ማንኛውም ድሃ አፈር ውስጥ ከተቱት፤ ስሙ እንኳ ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ዕንባዬ መጣ፤ ማዳም ቆጣ ብላ «ሴት ድምፅ አታሰማም» አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ ሰው ተሰልፎ ለአዲሱ ንጉሥ፣ ለወንድምየው፣ እጅ እየነሣ ቃል ይገባል። አለቀ። ይህን ሁሉ ሲሳል እንዳደረ ሰይፍ ፈራሁት። ዝም ያለ ነገር ያስፈራኛል። ያን ያህል ሲረጋጉ የሆነ ነገር ደብቀውኛል አልኩ።

ኑራ በደስታ እግሯ መሬት አይነካም። «አዲሱ የተሻለ ነው ይላሉ። ሴቶችን ያስተምራል፣ ምናልባትም…» እያለች መሪ እንደያዘ ሰው እጇን ታዞራለች። ማዳም ታለቅሳለች። ባባ ደግሞ ቤት ዋለ። ከዚያ ሌላም ቀን ዋለ። ያ የማያርፍ ስልክ ፀጥ አለ። የባባ አለቃ የሟቹ ንጉሥ ልጅ ነውና፣ አባቱ ሲሞት የልጁ ግቢ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ወደ ሌላ በር ዞረ። ባባ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መቁጠሪያውን እየቆጠረ፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አንዳንዴ አንሥቶ ያየዋል፤ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ኑራ እንድትደውልለት ያደርጋታል። ሲጮኽ ደንግጦ ይነሣል፤ ከዚያ የልጁ ስም መሆኑን ያያል። ሳየው አዘንኩለት፤ ያኔ ግን ከእሱ ፍርሃት የእኔ ይበልጥ ነበር።

ወታደር መጥቶ ቤቱን ቢፈትሽ መጀመሪያ የሚያየው የሠራተኛን ፍራሽ ነው አልኩ። ቀሚሴን ቢበረብርስ? እናም በዚያ አገር ሰው ሁሉ ቀትር ላይ ይተኛልና፣ ቤቱ ፀጥ ሲል ከኩሽናው ኋላ ወጣሁ። እዚያ ያለችው የሎሚ ዛፍ ሥር አፈሩ ውኃ ስለሚጠጣ ለስላሳ ነው። ዶማ የለ፣ አካፋ የለ፤ በሩዝ መጨለፊያው ማንኪያ ቆፈርኩ። ፀሐዩ ጀርባዬን ይልጠዋል፤ ላቤ ጉድጓዱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ትንሽ ጆንያ ሩዝ፣ ቆርቆሮ ሙሉ ምስር፣ ጨው፣ ክብሪት ቀበርኩ። ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ ማማ ክቢራ መሸሽ አይችሉም ብዬ ነው፤ ሁሉ ሲሸሽ እኔና እሳቸው እንቀራለን፣ ምን አበላቸዋለሁ ብዬ ነው። በመጨረሻ የቀሚሴን ጠርዝ ተርትሬ ማተቤን አወጣሁና ሩዙ ላይ ጣልኩት። እናቴ ያደረገችውን አደረግኩ። አፈሩን መለስኩ፣ በእግሬ ረገጥኩት። ላም ቢኖር ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር።

በማግስቱ ማማ ክቢራን ከወንበራቸው ጋር ወደ ጥላው ሳወጣ ባባ ሎሚዋ ሥር ቆሟል። አገር ሁሉ ደረቅ ሲሆን ያ ቦታ ብቻ ጠቁሮ ይታያል። ባባ በጫማው ጫፍ ነካው፤ ከዚያ እሳት እንደነካው እግሩን ሰበሰበ።

«ዘይነብ! ይህን ማን ቆፈረው?»

የወንበራቸውን መግፊያ ጨበጥ አደረግኩ።

«ማን ቆፈረው አልኩሽ!»

«እኔ» አልኩ።

ፊቱ ተለዋወጠ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፍርሃት ነበር። «ምን ቀበርሽበት?» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ላከሽ? ስልኬ ፀጥ ያለው፣ በሩ የተዘጋብኝ… ማን ነው ከፍሎሽ የቀበርሽብኝ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባባ ድግምት ተቀብሮብኛል ማለቱ ነው። በዚያ አገር ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። አንዲት የእኛ አገር ልጅ ከሌላ ቤት፣ ትራስ ሥር የተቋጠረ ክር ተገኘባት ተብላ ሰዎች መጥተው እንደወሰዷት ሰምቼ ነበር። የት እንደደረሰች የነገረን የለም። እኔ ደግሞ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሩዙ ላይ፣ የተቋጠረ ጥቁር ክር አለኝ። ማተብ ነው ብል ስሜ ዘይነብ አይደለም ማለቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ደጋሚ ነኝ። ልጆቼ ፊቴ መጡ፤ ይህች የሜላት እናት፣ ያኔ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ።

ባባ ስልኩን አወጣ። «እኔ አልነካውም። ለሚያውቁት ሰዎች ነው የምደውለው፤ መጥተው ያውጡት» አለ። ማዳም በር ላይ ቆማ አፏን ይዛለች። ኑራ «አባ፣ እሷ አታደርገውም!» አለች፣ ግን እሷም ጥቂት ራቅ ብላ ነው የቆመችው።

«ስልኩን አስቀምጥ» አሉ ማማ ክቢራ።

«እናቴ፣ ይህን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«አስቀምጥ አልኩህ። ሰው ቤትህ ከማስገባትህ በፊት ምን እንዳለ እይ። ቆፍር።»

«እኔ?»

«እኔ ነኝ ታዲያ የምቆፍረው፣ በዚህ እግሬ? ቆፍር!»

ባባ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ የሚቀራውን እየቀራ፣ ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ የአፈሩን ድምፅ እሰማለሁ። በልቤ የቡሬዋን ማርያም እጠራለሁ፤ ቀጥሎ እትዬ ሉባባ ያስተማሩኝን እላለሁ፤ የቱ እንደሚሰማልኝ አላውቅም ነበር። ቆርቆሮው ወጣ፣ ምስሩ ተንሿሿ። ጆንያው ወጣ። ዓይኔን ስገልጥ ባባ ክሩን በሁለት ጣቱ እንደ እባብ ራስ ይዞታል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ቋጠሮ» አለ። «ይኸውላችሁ። ቋጠሮ አለበት።»

ማማ ክቢራ ግን ወደ ክሩ አልዞሩም። «ጆንያው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አሉ።

«ሩዝ።»

«ቆርቆሮውስ?»

«ምስር። ጨው… ክብሪት።»

አሮጊቷ ሳቁ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። «ኧረ ይህች እናቴን ናት!» አሉ። «ወላሂ እናቴን! አሚር ሞተ የተባለ ዕለት እናቴ ቴምሩን በቆዳ ጠቅልላ ትቀብር ነበር። አንዱ ሞቶ ሌላው እስኪጸና ድረስ የጎረቤት ጎሣ መጥቶ ያለንን ይዘርፈን ነበር። አንተ ይህን መቼ አየህ? ሰማንያ ክፍል ያለው ግቢ ውስጥ ስልክ ስታነሣ ያደግህ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘይነብ፣ ፈርተሽ ነው?»

«አዎ፣ ማማ» አልኩ። ዕንባዬ ያን ጊዜ ፈሰሰ። «አገራችን እንዲህ ነው የምናደርገው። መንግሥት ሲለወጥ እህል እንቀብራለን። ሰው ሲሸሽ እኔና እርስዎ የምንበላው እንዲኖር ብዬ ነው።»

«ሞኝ! ታዲያ አፈሩን እንዲህ ትተይዋለሽ? እናቴ እኮ ግመል ታስርበት ነበር።»

«እኛ ላም ነው የምናስረው» አልኩ፤ ምን እንደምል ሳላውቅ። ኑራ ሳቋ አመለጣት። ማዳም እንኳ እጇን ከአፏ አነሣች።

ባባ ግን ክሩን አልለቀቀም። «ይህስ?»

ማማ ክቢራ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው።» ክሩን መዳፋቸው ላይ አድርገው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ፤ እንደ መቁጠሪያ። ደመና የለበሰው ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው። ያየኝ ይሆን፣ አላየኝም ይሆን? ከዚያ «ጆንያውን አቅርቢልኝ» አሉኝ። አቀረብኩ። አፉን ጠምዘዝ አድርገው በማተቤ ግጥም አድርገው አሰሩት።

«የጆንያ ማሰሪያ ነው» አሉት ልጃቸውን። «የጆንያ ማሰሪያ የሚፈራ ሰው ለአዲሱ ንጉሥ ምን ይሠራለት ይሆን?»

ባባ ፊቱ ቀላ። እጁ አፈር በአፈር ሆኖ ተንበርክኮ ቆየና እሱም መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደበት። ከመሬት ተነሥቶ የእናቱን ራስ ሳመ። እኔን አላናገረኝም። ስልኩን ግን ኪሱ ከተተው።

ማማ ክቢራ ያን ዕለት «ሩዙ ይበሰል» ብለው አዘዙ። በሥጋ፣ በዘቢብና በቅርንፉድ ሠራሁት። ብዙ ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ቢሆንም አሸዋው አልለቀቀም። ሁላቸውም በሉ፤ ጥርሳቸው ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ ማንም ምንም አላለም። ጆንያውን ልጥል ስል ማማ ክቢራ ከወንበራቸው፣

«ማሰሪያውን እንዳትጥዪው» አሉኝ። «ያገለግላል።»

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዕድሜ ልኬን ያችን ቃል አገላብጣታለሁ። አውቀው ነበር? ወይስ የበረሃ ልጅ ናቸውና ክር የማይጥሉ ሆነው ነው? ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ከጅዬ፣ ብጠይቅ የማላውቀውን በር እከፍታለሁ ብዬ ተውኩት። ክሩን የቡናው ከረጢት ላይ አስሬ ኩሽናው ውስጥ፣ በሁሉም ዓይን ፊት ኖረ። በየቀኑ እፈታዋለሁ፣ በየቀኑ አስረዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንኳ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ በር ሲንኳኳ መጡ እላለሁ። የባባ ስልክ ቆይቶ ቆይቶ መጮኽ ጀመረ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ኑራ የጠበቀችው መሪም በእኔ ጊዜ አልመጣም። ማማ ክቢራ ሲሞቱ እሳቸውንም እንደ ንጉሡ ድንጋይ በሌለው መቃብር አኖሯቸው። ዛሬ ብሄድ የትኛው አሸዋ ሥር እንዳሉ አላገኘውም።

ይህን ለሜላት ስጨርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አስፋልቱ ላይ አንዲት ባጃጅ ውኃ እየረጨች አለፈች፤ መንገዱ ሳይከፈት አይቀርም አልኩ በልቤ። ልጄ የበቆሎውን ቆረቆንዳ ሰብስባ ገባች። ሜላት ስልኳን አጥፍታ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ኑራ እኮ አሁን እየነዳች ይሆናል» አለች።

«እሰይ፣ ይሁንላት» አልኩ፤ ከልቤ ነው። ለኑራ ደስ ይለኛል። አልጋ ወራሹም መልካም አድርጎ እንደሆነ ያበርታው፤ እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ግን አዲስ ንጉሥ በመጣ ቁጥር ከላይ ያለው ሰው አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ስልኩ ፀጥ ይልበታል፤ ያ የፈራው ሰው ደግሞ ቤቱ ሲገባ ፍርሃቱን የሚያራግፍበት ሰው ይፈልጋል። እኔን ከዚያ ያወጣኝ አዋጅ አልነበረም። አንዲት መራመድ የማይችሉ አሮጊት ነበሩ። ሜላትን ዕድሏ ማን ቤት እንደሚጥላት እንዴት አውቃለሁ?

ሜላት በሹክሹክታ፣ እናቷ እንዳትሰማ፣ «እምዬ፣ እኔም ለመሄድ እያሰብኩ ነው። ቡሬ ያለ ሰው አናግሬያለሁ። አሁን እኮ እንደ ድሮ አይደለም፣ ተቀይሯል» አለችኝ።

አውቄው ነበር። ስልኩን ያሳየችኝ ለዚያ ነው። አትሂጂ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን እዚህስ ምን ብዬ አስቀምጣታለሁ፣ በሚዘጋ መንገድ፣ ባልሆነላት ፈተና?

«ሰውዬው ማን ብለሽ ሂጂ አለሽ?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ስም መቀየር ይሻላል ብሎኛል። ቶሎ እንዲያልቅ።»

እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

«እንግዲያው ስሚኝ። የሄድሽ እንደሆነ ሜላት ተብለሽ ሂጂ፤ አንገትሽ ላይ ያለው አንገትሽ ላይ እንዳለ።»

«እንዲህ ሆነሽ አንቀበልሽም ቢሉኝስ እምዬ?»

«እንግዲያማ አልተቀየረም» አልኳት።